ስለት

በአማርኛችን አንድ ቃል ለሁለት ነገር ያድራል፤ ስለት ይባላል። የቢላ አፍ ስለት ነው፤ ለእመቤታችን የገቡት ቃልም ስለት ነው። የተማሩት ሁለተኛውን «ስእለት» ብለው ይጽፉታል፤ ሥራቸውም ለየቅል እንደሆነ ይናገራሉ፤ አንዱ ከመሳል፣ ሌላው ከመለመን የመጣ ነው። በአፍ ሲነገሩ ግን የሚለያቸው የለም። ቢላውም ተሳለ፣ ሰውየውም ተሳለ እንላለን።

እኔ ያደግሁት ሁለቱ ስለቶች በዓመት አንድ ጊዜ በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ በአምባሰል፣ ከግሸን ማርያም አምባ ግርጌ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። መስከረም 21 ቀን ሲቃረብ ስለቱን ሊያገባ ከየአገሩ የሚተመው ሕዝብ በእኛ ደጅ ያልፋል፤ አባቴም ክረምቱን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ያከማቸውን ቢላ፣ ማጭድና ምሳር ጆንያ ላይ ዘርግቶ ይሸጥለታል። እጄ ከዚያ ሥራ ከራቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይሁንና በ1988 ዓ.ም. መስከረም፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ የሸጥኋቸው ዐሥራ አንድ ቢላዎች እስከ ዛሬ አልተውኝም።

የአባቴ ቢላ የሚወለደው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነበር። የተሰበረ ባሌስትራ ከከተማ ይገዛል፤ በከሰል ያግለዋል፤ እኔ ወናፉን ስነፋ እርሱ በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ ይቀጠቅጠዋል። ቅርጽ ሲይዝለት በሞረድ ያስተካክለዋል፤ እንደገና አግሎ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ቀልቶ ውኃ የገባ ብረት እጅግ ይጠነክራል፤ ጥንካሬው ግን የሸክላ ጥንካሬ ነው፤ ሲመቱት ይሰበራል። ስለዚህ በፍሙ ዳር ቀስ ብሎ ዳግመኛ ይሞቃል፤ የተፋቀው ገጹ የገለባ መልክ ሲያወጣ ይነሣል። ጥቂት ከቸኮሉ ተሰባሪ፣ ጥቂት ከዘገዩ ልል ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አንድ ጸሎት አያስደርስም፤ ጊዜውን የሚለየውም የቀጥቃጩ ዐይን ብቻ ነው።

ዐይን ደግሞ ይሳሳታል። አባቴ ይህን ስለሚያውቅ ሳይሞክር የሚሸጠው ቢላ አልነበረም።

መጀመሪያ ያዳምጠዋል። እጀታ ሳይገባለት በጭራው አንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ ነካ ያደርገዋል። ደኅና ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ውስጥ ውስጡን የተሰነጠቀ እንደሆነ ግን እንደ ነቃ ማሰሮ ድምፁ ይታፈናል። እጀታው ከገባ በኋላ ጫፉን በወይራ ግንድ ስንጥቅ ውስጥ ሰክቶ ወደ ጎን ያጎብጠዋል። ተሰባሪው እዚያው ይቀራል፤ ልሉ እንደ ጎበጠ ይቀራል፤ ደኅናው ቀና ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሦስተኛ፣ አፉን በወፍራም ምስማር ላይ አጋድሞ ይጫነዋል። ስለቱ እንደ ሣር ቅጠል ተለምጦ መመለስ አለበት፤ ከተሸረፈ ጥንካሬው በዝቷል፤ እንደ ታጠፈ ከቀረም ጎድሎታል። አራተኛ፣ ደረቅ ጠፍር ዐሥር ጊዜ ይቆርጥበታል፤ ከዚያም ሳይስለው የክንዱን ፀጉር ይላጭበታል። የአባቴ ግራ ክንድ በመስከረም ወር እንደ ሕፃን ክንድ ልሙጥ ነበር። በመጨረሻ እጀታውን ጨብጦ ይስባል፣ ይጠመዝዛል፤ ካልተነቃነቀ ከእጀታው ሥር ሦስት ጭረት በሞረድ ያደርግበታል። ሦስቱ ጭረቶች ፊርማው ነበሩ፤ ፊደል አልቆጠረም።

የእኛ አገር ወሎ ነውና ከገዢዎቹ ገሚሱ ክርስቲያን፣ ገሚሱ ሙስሊም ነበር። ሁለቱም ቢላ የሚገዙት በአብዛኛው ለዕርድ ነው፤ አንዱ ለዓመት በዓሉና ለዝክሩ፣ ሌላው ለዐረፋው። በሁለቱም ዘንድ የደነዘዘ ቢላ ይዞ ከእንስሳ ፊት መቆም ነውር ነው። በእስልምናው ሥርዐት አራጁ ቢላውን እንዲስል፣ እንስሳውንም እንዳያሠቃይ የታዘዘ ነው። የጎረቤታችን ሸኽ ለዐረፋ ቢላ ሲገዙ አባቴ ክንዱን ሲላጭ እስኪያዩ ድረስ ገንዘባቸውን ከኪሳቸው አያወጡም ነበር። አባቴም ይህን ይወድላቸው ነበር። «የሚያይልኝ ሰው እርሳቸው ብቻ ናቸው» ይል ነበር።

ሌላው ሰው ቢላውን እንጂ እርሱን ማየት አይወድም። አንባቢዬ ምክንያቱን ሳያውቀው አይቀርም። በአገራችን ማረሻ የሚሠራው፣ ምሳር የሚሠራው፣ መስቀል የሚያነጥረው እጅ ለብዙ ዘመን የተናቀ እጅ ነበር። ባለ እጅ ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ ዐይኑ ሰው ይበላል እየተባለ ከጋብቻ፣ ከርስትና ከማዕድ ተገልሎ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ ግን ከአምባሰል ገደል ለገደል ሲንከባለል ድምፁ ሳይደክም አልቀረም፤ እኔ ትምህርት ቤት ስገባ እንኳ ከጎኔ የሚቀመጥ ልጅ የተገኘው ስንት ተለምኖ ነው። ገበያተኛው አባቴን በዐይኑ ሳያየው ይከራከራል፤ ገንዘቡን ጆንያው ላይ ይጥላል፤ ቢላውን ራሱ ያነሣል። ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል አልተለመደም።

ይህን ያነሣሁት ለአቤቱታ አይደለም። ዐሥራ አንዱን ቢላ የሸጠው እጄ ሳይሆን ኀፍረቴ ስለሆነ ነው።

የዚያን ዓመት ክረምት ሥራው ዘግይቶብን ነበር። አባቴ የመጨረሻዎቹን ዐሥራ አንድ ቢላዎች ያጠነከራቸው በበዓሉ ዋዜማ ሌሊት ነው። የብረቱን መልክ ያየው በኩራዝ ብርሃን ነበርና አላመነውም። የቀንድ እጀታ አስገብቶላቸው ጭረቱንም ቢሆን አስቀድሞ አበጀላቸው፤ መሞከሩ ግን ሲነጋ ይሁን ብሎ ለብቻ በቁና አስቀመጣቸው። መስከረም 20 ቀን ጧት መደባችን ላይ ስንቀመጥ «የቁናውን እንዳትነካ፤ አልተሞከሩም» አለኝ።

ረፋዱ ላይ ከሰል ሊያመጣ ወደ ቤት ወጣ። መንገዱ በሰው ተጥለቅልቋል። ዝናቡ ገና በማባራቱ ጭቃው አልጠነከረም፤ ተራራው ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ዣንጥላ የያዘ፣ ጧፍ የታቀፈ፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ ሽባ ልጁን ያዘለ፣ በእልልታና በመዝሙር ወደ አምባው ይተማል። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ከትምህርት ቤት የማውቃቸው ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሲያልፉ አየኋቸው። እኔን ሲያዩኝ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ጆንያው ላይ የተዘረጋው ቢላ ቶሎ ቢያልቅ ቶሎ እነሣ ነበር። ጆንያው ላይ ያለው ተሸጦ ሲያልቅ ቁናውን ሳብኩት።

ዐሥራ አንዱም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተሸጡ። እያንዳንዱን በስድስት ብር ሰጠሁ። ማንም ሞክረህልኛል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ሦስቱ ጭረት ነበራቸዋ!

አባቴ ሲመለስ ገንዘቡን ሰጠሁት። ቆጠረው። ከዚያ ባዶውን ቁና አየ።

«እዚህ የነበሩትስ?»

«ተሸጡ።»

«ስንቱ?»

«ዐሥራ አንዱም።»

ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመታኝም። መንገዱን፣ ቀጥሎም አምባውን አየ። እኔም ዝምታው ሲከብደኝ ለራሴ ትልቅ ሰው የመሰለኝን ነገር ተናገርሁ፤ «አባ፣ ሰዉ እኮ ነገ ተነገ ወዲያ አገሩ ይገባል። ቢሰበርስ ማን ተመልሶ ይወቅሰናል?»

«ለዚህ አይደል እንዴ የሚሞከር» አለኝ። «የሚመለስ ደንበኛማ ራሱ ይሞክርልኛል። ከከፋው መጥቶ ይሰድበኛል፤ አስተካክልለታለሁ። እኔ መሞከር ያለብኝ ለማይመለሰው ነው።»

ትንሽ ቆይቶም ጨመረ፤ «ሰውየው ስለቱ ሰምሮለት በግ ሊያርድ ይሆናል የገዛው። በእኔ ስለት የእርሱ ስለት ይበላሽ?»

የግሸንን አምባ ያዩ ሰዎች ያውቃሉ፤ ዙሪያው ገደል ነው። ቅርጹ የመስቀል ነው፤ በትውፊታችን የጌታችን ግማደ መስቀል ያረፈው በዚሁ መስቀለኛ ተራራ ላይ ነው፤ ያመጡትም ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ናቸው። መግቢያው አንድ በር ብቻ ነው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ በዚህ አምባ ላይ ይጠበቁ የነበረውም ስለዚህ ነው፤ አንድ በር ለመጠበቅ ይቀላል። ዘርአ ያዕቆብ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1434 ከመንገሣቸው በፊት እዚያ ተግዘው ነበር። የግራኝ አሕመድ ጦር እ.ኤ.አ. በ1540 አምባውን እስከ ያዘበት ጊዜ ድረስ ልማዱ ቀጥሏል።

አባቴ ይህን ታሪክ በቀን አቆጣጠሩ አያውቀውም። የሚያውቀው የወጣ ሁሉ በዚያው በር እንደሚወርድ ነው።

በማግስቱ፣ በበዓሉ ቀን፣ መደባችንን አልዘረጋንም። የዓመቱ ዋና ገበያ ነበር፤ የክረምቱ ድካም ሁሉ የሚታሰበው በዚያች ቀን ነበር። አባቴ የወይራውን ግንድ ተሸክሞ፣ እኔ ምስማሩን፣ ጠፍሩንና ዐሥራ አንድ የተሞከሩ ቢላዎችን በቁና ይዤ፣ ከበሩ የሚወርደው መንገድ ሜዳ ከሚነካበት ቦታ ቆምን። የተሞከሩትን ከየት አመጣ ትሉ ይሆናል፤ ከጎረቤት፣ ከቤታችንና ከዘመድ ቤት፣ በየዓመቱ የሠራላቸውን በልዋጭ ለምኖ ነው። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ መውረድ ሲጀምር አባቴ መጣራት ጀመረ።

«ትናንት ከዚህ በታች ከቀጥቃጩ ልጅ ቢላ የገዛችሁ! እጀታው ቀንድ፣ ጭረቱ ሦስት! አልተሞከረም፤ መልሱልኝ፤ የተሞከረ እሰጣችኋለሁ!»

እስኪ አስቡት። ሰው ከቅዳሴ ሲወርድ፣ ልቡ በርኅራኄ ሲለሰልስ፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ቀጥቃጭ ቆሞ «ኑ ወደ እኔ» ይላል። ገሚሱ ሳቀ። የሸጠውን መልሱልኝ የሚል ነጋዴ አይተው አያውቁም። ገሚሱ አማተበ። ከአጠገቤ ያለፉ አንድ አሮጊት «በበዓሉ ቀን እንኳ አይተወንም እቴ» ሲሉ ሰማሁ። ጆሮዬ ጋለ። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር። አባቴ ግን ይጣራል።

መጀመሪያ የመጣው ወጣት ገበሬ ነበር፤ ቢላውን ከመቀነቱ አውጥቶ ሰጠው። አባቴ ስንጥቁ ውስጥ ሰክቶ አጎበጠው፤ ተመለሰ። ምስማሩ ላይ ተጫነው፤ ደኅና ነው። ጠፍሩን ቆረጠበት፤ ክንዱን ላጨበት፤ መልሶ ሰጠው። ወጣቱ ደስ አለውና ለሚወርዱት ሁሉ ማውራት ያዘ። ከዚያ ሌሎች መጡ። አራተኛው ሰው የሰጠን ቢላ ሲጎብጥ ቷ ብሎ ከመካከሉ ተሰበረ። ስባሪው ፊቴን ስቶ ጭቃው ላይ ወደቀ። ሰውየው ስባሪውን አንሥቶ አገላብጦ አየና «ለልጄ ክርስትና ሙክት ልጥልበት ነበር» አለ። አባቴ ከቁናው መርጦ ሰጠው። ስድስተኛው ምስማሩ ላይ እንደ ታጠፈ ቀረ፤ እርሱም ተለወጠ።

አንዲት ሴት ደግሞ ሕፃን አዝላ ወረደች። ቢላው አላት። ከእኛ ዐሥር እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች፤ ቢላውን መሬት ላይ አኖረችው፤ ነጠላዋን በሕፃኑ ፊት ላይ ሳበች። አባቴ ቢላውን አንሥቶ ሊሞክር ጎንበስ ሲል ትታው ሄደች። «እመቤት፣ ቢላሽን! ገንዘብሽን!» ብሎ ተጣራ። ፈጠነች። በሰው መሐል ጠፋች።

አባቴ ቢላውን ሞከረው። አንድም ሳያጓድል፣ ለሌሎቹ እንዳደረገው ሁሉ ሞከረው። ደኅና ነበር። ከዐሥራ አንዱ ሁሉ የተሻለው እርሱ ነበር ማለት እችላለሁ።

እስኪመሽ ቆምን። በማግስቱም መስከረም 22 ቀን እስከ ቀትር ቆምን። የተመለሱት ሰባት ናቸው፤ አምስቱ ደኅና፣ ሁለቱ ብላሽ። አራቱ አልተመለሱም። አባቴ ግንዱን ተሸክሞ ወደ ቤት ሲመለስ የተናገረው ነገር የለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የዚያን ዓመት እህል ሸምተን የከረምነው በብድር ነው።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ከተማ ገብቼ ሌላ ሙያ ከያዝሁ በኋላ፣ ስለ አሜሪካ ቢላ ቀጥቃጮች ማኅበር አነበብሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተ ማኅበር ነው። አባሉ ወደ ሁለተኛው ማዕረግ ሊያድግ ሲፈልግ የሠራው ቢላ ይፈተናል፤ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ የአንድ ኢንች ውፍረት ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ፣ የግንባታ አጣና ሁለት ጊዜ ከትክቶ መጣል፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳይሳል የክንድ ፀጉር መላጨት፣ በመጨረሻም ተይዞ ወደ ጎን 90 ዲግሪ ሲታጠፍ አለመሰበር አለበት። ሳነበው ሳቅሁ፤ ዐይኔም እንባ አቀረረ። ያ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በአንድ የወይራ ግንድ ከሞላ ጎደል ይህንኑ ያደርግ ነበር። አንድ ልዩነት አለ። በዚያ ፈተና ቢላው ታጥፎ ይቀራል፤ የሚፈተነውም ሠሪው ነው፤ ሠሪው አንድ ጊዜ ካለፈ ይታመናል። አባቴ ግን ትናንት ደኅና መሥራቱን ለዛሬው ቢላ ምስክር አድርጎ አያውቅም። ሰዉም እርሱን አምኖት አያውቅ፤ እርሱም ራሱን አላመነም። ሁለቱ አለመተማመኖች ይመሳሰሉ ይሆን ብዬ አሰብሁ፤ አይመሳሰሉም። የሰዉ ጥርጣሬ ከሰውየው ያሸሸው ነበር፤ የእርሱ ጥርጣሬ ግን መንገድ ዳር አቁሞ ወደ ሰው ያስጣራው ነበር።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። መስፉንና ጉጠቱን ወንድሜ ወስዷል። እኔ የወሰድሁት አንድ ቢላ ነው፤ በቤታችን «የሴትዮዋ ቢላ» ይባል ነበር። አባቴ አልሸጠውም፤ የእርሱ አይደለምና። እናቴ ድፎ ስትቆርስበት እንኳ «የሴትዮዋን ቢላ አቀብለኝ» ትል ነበር እንጂ ቢላችን ብላው አታውቅም። በየዓመቱ መስከረም 20 ቀን አባቴ ይስለውና በመደቡ ጫፍ ለብቻው ያኖረው ነበር፤ ምናልባት ብትመለስ ብሎ። አሁን እኔ ዘንድ ነው። እኔም በዚያው ቀን እስለዋለሁ።

ይህን የማወራው ለምን እንደሆነ እነሆ ልናገር። ከእናንተ መካከል በ1988 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ሊሳለም ወርዶ ወጥቶ፣ ከአምባው ግርጌ ከአንድ ልጅ ቢላ የገዛ ዘመድ ያለው ቢኖር፣ እጀታው ቀንድ፣ ጭረቱ ሦስት ከሆነ፣ እባካችሁ ለበዓል ከማንሣታችሁ በፊት ጫፉን በግንድ ስንጥቅ ውስጥ ሰክታችሁ አንድ ጊዜ አጎንብሱት። ፊታችሁን ግን ዞር አድርጉ። አራት ናቸው፤ አልተሞከሩም። የሸጥሁት እኔ ነኝ።

ያቺ ሕፃን ያዘለች እናት ደግሞ፣ በሕይወት ካለች፣ ቢላዋ ደኅና ነው።